ዘጠኝ ሰዓት በየት በኩል ነው?

ምራቴ ቢጫ ጨርቅ እየቆረጠች ነው። መቀሱ በግራ እጇ ነው፤ በቀኟ ጨርቁን ከጠረጴዛው ላይ እንዳይሸሽ ተጭናዋለች። በጠመኔ ያሰመረችውን መስመር ተከትላ ስትሄድ እጇ አይጣደፍም፣ አይቆምም። መቀሱ ለቀኝ እጅ የተሠራ ስለሆነ አውራ ጣቷ ሥር ያለው ቆዳ እንደ ጫማ ሶል ጠንክሯል። እኔ ፊት ለፊቷ ተቀምጬ የተቆረጠውን አጣጥፋለሁ። ዋናው ሥራዬ ግን ማጠፉ ሳይሆን እሷን ማየቱ ነው።

"ውይ፣ በግራ ነው እንዴ የምትቆርጪው?" ይሏታል አዲስ ደንበኞች። "እጅጌው ጠማማ እንዳይሆንብኝ!"

"ከጠመመ በግራ በኩል ይልበሱት" ትላቸዋለች ቀና ሳትል። ስቀው ይሄዳሉ፤ ሌላ ጨርቅ ይዘው ይመለሳሉ።

ቢጫው ጨርቅ ለጎልፍ ሜዳው ባንዲራ የሚሆን ነው። ሜዳው ከሰፈራችን ጀርባ ነው። ምራቴ ጉድጓዶቹ ላይ የሚተከሉትን ባንዲራዎች ትሰፋለች፣ የተጫዋቾቹን ፎጣ ትዘመዝማለች፣ የተቀደደ መረብ ትጠግናለች። ስንት ዓመት እንዲህ ስትመላለስ ጨዋታውን ዞር ብላ አይታው አታውቅም ነበር። ባሏ፣ ማለት ልጄ፣ የጭነት መኪና ነጂ ነው፤ አንዴ ከወጣ ቶሎ አይመለስም። ቤቱን፣ ስፌቱን፣ ልጇንና እኔን ይዛ የምትዞረው እሷ ናት። ለጨዋታ የሚተርፍ ጊዜ ከየት ይምጣ!

አንድ ቀን ግን ፎጣ አስረክባ ስትመለስ ፊቷ ቀልቶ ገባች።

"እማማ፣ ዛሬ መታሁ።"

ደነገጥኩ። "ማንን? ምን ብሎሽ?"

"ኧረ ኳስ ነው፣ እማማ!"

የዕቃ ቤቱን ኃላፊ በር ላይ ቆማ ስትጠብቅ የሜዳው አሠልጣኝ ጀማሪዎችን ያስተምር ኖሯል። አንዲት ኳስ ተንከባላ እግሯ ሥር መጣች። አሠልጣኙም ለወጉ ያህል ዱላ አቀበላትና "እስቲ መልሺልን" አላት። መለሰችለት። ኳሷ የት እንደደረሰች አልነገረችኝም፤ የነገረችኝ ስለ ድምፁ ነው። "ጠቅ ትላለች፣ እማማ። ጥሩ የብረት ቁልፍ ሲገጥም እንደሚለው።"

ከዚያ ወዲያ፣ ለሜዳው ስለምትሰፋ ከሠራተኛ ተቆጥራ፣ ሠራተኞች እንዲጫወቱ በሚፈቀድበት ቀን ሁሉ መሄድ ጀመረች። ሜዳው የሠራተኞች ቡድን አለው፤ ከሌላ ሜዳ ሠራተኞች ጋር ይገጥማል። ያን ጊዜ ከቡድኑ አንዱ ሥራ ለቆ በመሄዱ አንድ ቦታ ባዶ ነበር። አሠልጣኙ ቦታውን የሚወስደው በልምምድ ጨዋታዎች ያሸነፈ ነው ብሎ ተናገረ። ሰዉ ግን ቦታውን በሐሳቡ ለሣር አጫጁ ሰጥቶት ጨርሷል። ሣር አጫጁ ቁመቱ ከበር ጉበን በላይ ስለሆነ "አንቴና" ይሉታል፤ ሜዳውን በየቀኑ ስለሚያጭደው እያንዳንዱን ሣር በስሙ የሚጠራ ይመስላል።

ምራቴ የዚያን ዕለት ማታ ቁልፍ እየተከለች ክሩን በጥርሷ በጠሰችና፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "እማማ፣ ያቺን ቦታ እፈልጋታለሁ" አለችኝ።

መነጽሬን አወለቅኩ። ቤታችን ከገባች ጀምሮ ከአፏ "ለልጅቷ ያስፈልጋታል" ሰምቻለሁ፤ "ለእሱ ያስፈልገዋል" ሰምቻለሁ፤ "ለእርስዎ እግር ሙቅ ነገር ያስፈልግዎታል" ብላ ካልሲ ሠርታልኛለች። "እፈልጋለሁ" ስትል ግን ሰምቻት አላውቅም።

"ከፈለግሻት ሂጂና ውሰጃት" አልኳት። ቦታዋ ምን እንደሆነች እንኳ በደንብ አልገባኝም ነበር።

ነገሩ ግን እንደ አፍ አልቀለለም። ሜዳው ላይ እጇ እንቢ አላት። ኳሱን ወደ ባንዲራው ስትመታው ወደ ዛፎቹ ይሄዳል፤ ወደ ዛፎቹ እንዳይሄድ ስትጠነቀቅ ዱላው መሬት ይቆፍራል። እኔ እንኳ አንድ ቀን ሄጄ ሳያት፣ የስፌት መኪናዋ ላይ ስትቀመጥ የማውቃት ሴት አልመሰለችኝም፤ በተውሶ ልብስ የቆመች ሰው ትመስል ነበር።

አንቴና ማጨጃውን አቁሞ ይጮህባታል። "ሰፊዋ! ዛፉን ነው እንዴ የምትለኪው?"

"አዎ፣ ለአንተ ሱሪ የሚበቃ ርዝመት ፍለጋ ነው!"

መልስ አያጥራትም። ቤት ስትገባ ግን ቀልዱ ያበቃና ቀጥታ መኪናዋ ላይ ትቀመጣለች። ፊቷን አውቀዋለሁ፤ ብዙ ጊዜ የተፈታ ስፌት እንደገና ስትሰፋ የሚታይባት ዓይነት ነው።

አሠልጣኙ ደግሞ ጉደኛ ሰው ነው። ጨዋታውን ያስተማረው የውጭ አገር ሰው ነው አሉ፤ ያልተሰማ መልመጃ ሁሉ ያመጣል። ዓይንሽን ጨፍነሽ ምቺ ይላታል። በአንድ እግርሽ ቁሚ ይላታል። በአንድ እጅሽ ብቻ ይላታል። ሁለት ችካል ያስተክልና ኳሷን በመሃላቸው አሳልፊ ይላታል፤ ፎጣ ሣር ላይ ያነጥፍና ኳሷ እዚያ ላይ እንድታርፍ ያደርጋል። እሷም ሁሉንም ወደ ቤት ይዛ ትመጣለች። አሠልጣኙ ሁለት ፊት ያላት፣ በወዲህም በወዲያም የምትመታ አሮጌ አጭር ዱላ አውሷት ነበር። ኳሱን ራሷ ሠራችው፦ የጨርቅ ቁርጥራጭ አጥብቃ ጠቅልላ ዙሪያውን ሰፋችው። ኮሪደራችን ሜዳ ሆነ። ሁለት የክር ጥቅልል ችካል ሆኑ፣ በጎኑ የተጋደመ ስኒ ጉድጓድ ሆነ። ልጅቷም እንጫወት ትላለች፣ እኔም በምርኩዜ እገባለሁ። የተሸነፈ ሰው ወለሉ ላይ የወደቀውን መርፌ ሁሉ በማግኔት ይለቅማል። በዚያ ሰሞን ቤታችን ውስጥ መርፌ የወጋው ሰው የለም፤ እኔ ሁልጊዜ እሸነፍ ነበርና።

አንድ ቀን ደግሞ አዲስ መልመጃ ይዛ መጣች።

"ትልቅ ሰዓት መሃል የቆምሽ ይምሰልሽ ብሎኛል። ጭንቅላቴ ላይኛው ቁጥር ጋ፣ እግሬ ታችኛው ቁጥር ጋ። እጄን ወደ ኋላ እስከ ዘጠኝ ሰዓት፣ ከዚያ ወደ ፊት እስከ ሦስት ሰዓት። አንድ ሰው ፊት ለፊትሽ ይቀመጥና ይመልከትልሽ ብሏል።"

ፊት ለፊት መቀመጥማ ማን ይበልጠኛል!

ፊደል የቆጠርኩት ጸጉሬ ከሸበተ ወዲህ ነው። የልጅ ልጄ በእናቷ ጠመኔ፣ እዚሁ የስፌት ክፍል ግድግዳ ላይ አስተማረችኝ። ያን ዕለት የእኔን ቀ ቁ ቂ በእርጥብ ጨርቅ ጠርጋ ትልቅ ክብ ሣለችበት፤ ቁጥሮቹንም ከአንድ እስከ አሥራ ሁለት ደረደረች። ምራቴ ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጥታ መሃሉ ላይ ቆመች። እኔ ወንበሬን ሳብኩ።

"በይ ዘጠኝ ሰዓት" አልኳት፤ በምርኩዜም አሳየኋት። የሰዓቱ አጭር ዘንግ በእኔ ቀኝ በኩል፣ ሦስት ቁጥር ላይ ሲያርፍ ዘጠኝ ሰዓት ነው፤ ልጅቷ ከትምህርት ቤት ትመጣለች። በወዲያኛው ጎን ዘጠኝ ቁጥር ላይ ሲያርፍ ደግሞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ነው፤ ደንበኛ በራችንን ያንኳኳል። ይህን ቁጥር የማይችል ሰው እንኳ ያውቀዋል።

ምራቴ ፊቷ ወደ እኔ ስለሆነ የእኔ ቀኝ ለእሷ ግራ ነው። ዱላዋን ወደ ግራዋ አነሳች። ከዚያ ቆም አለች።

"እማማ፣ ሜዳ ላይኮ በዚህ በኩል አይደለም የምቆመው።"

"እኔ ምን አውቄ? ዘጠኝ ሰዓት አለሽ፤ ዘጠኝ ሰዓት እዚያ ነው። በአንድ እግርሽ ያቆመሽ ሰውዬ ምን የማያደርገው አለ?"

"እሱስ እውነትዎን ነው" አለችና ሳቀች።

እጆቿ ማንም ሳያዛቸው ቦታ ተቀያየሩ፤ ግራው ወደ ታች ወረደ። ዱላው ዘጠኝ ሰዓት ደረሰ፣ ተመለሰ። የጨርቁ ኳስ በክፍሉ ርዝመት ቀጥ ብሎ ሄዶ በር አጠገብ ያለው የልብስ ቅርጫት ውስጥ ገባ። ተያየን። ሌላ አስቀመጠች፤ ገባ። ልጅቷ ማጨብጨብ ጀመረች። ምራቴ ትከሻዋ ወርዶ፣ ከንፈሯ ተከፍቶ፣ መኪናዋ ላይ ስትቀመጥ የማውቃት ሴት ሆና ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ለሰዓቱ መልመጃ ስም አወጣንለት። እጇ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ ሲነሳ "ትምህርት ቤት" እንለዋለን፤ ኳሱ ቅርጫቱ ጋ ይደርሳል። ዝቅ ብሎ አሥር ሰዓት ላይ ከቆመ "ሻይ" ነው፤ በእኛ ቤት ሻይ የሚጠጣው በአሥር ሰዓት ነውና። ሻይ ለስላሳ ነው፣ ኳሱ ከቅርጫቱ መለስ ብሎ ምንጣፉ ላይ ቁጭ ይላል። ከፍ ብሎ ስምንት ሰዓት ከደረሰ "እንቅልፍ" ነው፤ እኔ ከምሳ በኋላ የምተኛበት ሰዓት። እንቅልፍ አንዴ ኳሱን በመስኮት አውጥቶ የጎረቤት ሰው የሰጣው አንሶላ ላይ ጥሎት ይቅርታ ስንለምን ዋልን።

ሜዳው ላይ ግን ያው ነው፤ በለመደችው ጎን ያቆሟታል፣ ኳሱ ወደ ዛፎቹ ይሄዳል። የቦታዋ ውድድር ቀን እየቀረበ ነበር። "እማማ፣ ቤት ውስጥ የምችለው መጫወቻ ስለሆነ ይሆናል" አለችኝ። አንጀቴን በላችኝ።

በማግሥቱ የተዘመዘመ ፎጣ እንሸከም ብዬ አብሬያት ሄድኩ። አሠልጣኙ ሊያሰናብታት የፈለገ ይመስል ነበር፤ በለዘበ ድምፅ "በይ እስቲ የሰዓቷን መልመጃ አሳዪኝ" አላት።

ሁለት ፊት ያላትን ዱላ ይዛ ዞረች።

አንቴና ከሩቅ አያትና "ኧረ ጉድ! ሰፊዋ ጨርቁን ገለበጠችው!" አለ።

"አይደለም እህቴ" አለ አሠልጣኙ። "ወደ ዘጠኝ ነው ያልኩሽ።"

"ወደ ዘጠኝ ነው እኮ።"

"ዘጠኝ በዚህ በኩል ነው።"

"በዚያማ ሦስት ሰዓት ነው።"

ሰውዬው የእጅ ሰዓቱን ፈታና ፊቱን ወደ እኔ አድርጎ ደረቷ ላይ አስደገፈው። "እማማ፣ እስቲ እርስዎ ይፍረዱን። ዘጠኝ የት ነው?"

"ልጄ፣ የልጅ ልጄ በዘጠኝ ሰዓት ከትምህርት ቤት ትመጣለች። ያን ጊዜ አጭሩ ዘንግ በዚህ ነው" ብዬ ነካሁለት።

"እሱ እኮ ሦስት ቁጥር ነው!"

"ቁጥሩ ሦስት ቢሆን ሰዓቱ ዘጠኝ አይደለም እንዴ? አንተ በዚያ ሰዓት ስንት ነው ብትባል ሦስት ነው ትላለህ?"

ሰዓቱን አየ። እኔን አየኝ። ከዚያ ሣሩ ላይ ቁጭ ብሎ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። "ወይ እኔ! አስተማሪዬ እንዳለኝ ቃል በቃል ነው ያልኩት። እሱ የሚያነበው ቁጥሩን ነው! እኔ ራሴ ስንት ዓመት ሳስተምር ሰዎች ሁሉ እጄን አይተው ነው ለካ የሚገባቸው እንጂ ቃሌንስ ማንም አልሰማውም።"

"እኛ ሰማንህ" አልኩት።

"እንግዲያው እንደሰማሽው ምቺ" አላት፣ ሳቁ ሳይበርድ፣ እውነተኛ ኳስ ከፊቷ አስቀምጦ።

መታች። ጠቅ! ድምፁን ያን ጊዜ ነው የሰማሁት፤ እውነትም የብረት ቁልፍ ሲገጥም ነው የሚለው። ኳሱ ቀጥ ብሎ ሄዶ፣ ራሷ የሰፋችው ባንዲራ ሥር ደርሶ ቆመ። የአሠልጣኙ ሳቅ ጠፋ።

"መቀስ የምትይዢው በየትኛው እጅሽ ነው?"

"በግራዬ። ምነው?"

"ምነው ትለኛለች! ለምን አልነገርሽኝም?"

"አልጠየቁኝማ። ሁሉም በዚያ በኩል ሲቆም አየሁ፤ እኔም ቆምኩ።"

እየሮጠ ዕቃ ቤት ገባ። ሸረሪት ያደራባቸው ዱላዎች በክንዱ ታቅፎ ወጣ፤ የአንድ ግራኝ ተጫዋች ነበሩ፣ ጥሏቸው ሄዷል። ምራቴ የመጀመሪያውን ጨብጣ መያዣውን በአውራ ጣቷ ደጋግማ ዳሰሰችው። በኋላ ምን አሰብሽ ብላት፣ "እማማ፣ ለእኔ እጅ የተሠራ ዕቃ ይዤ አላውቅም" አለችኝ።

የውድድሩ ቀን እኔና ልጅቷ ለተመልካች በተወጠረው ገመድ ዳር ከሠራተኞቹ ጋር ቆምን። ሌሎቹ ተራ በተራ ወጡና መጨረሻ ላይ የቀሩት እሷና አንቴና ናቸው። በችካሎቹ መሃል የማሳለፉን ጨዋታ አንቴና ወሰደው፤ ሣሩን ያውቀዋል፣ ምን ይደረጋል። ቀጥሎ ጉድጓዱን ዙሪያውን ከበው እንደ ሰዓት ቁጥር ከተደረደሩ ኳሶች እየገፉ ማስገባት ነበር።

"ከሦስት ጀምሩ" አለ አሠልጣኙ።

"በየትኛው ሦስት?" አለ አንቴና።

ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። ምራቴ ግን አልሳቀችም፤ ኳሶቹን እያየች ነበር። ከወለል ላይ መርፌ እንደሚለቅም ሰው ዙሪያውን ዞራ አንድ በአንድ ለቀመቻቸው። አንቴና አንዷን ሳተ። እኩል ሆኑ።

የመጨረሻው የፎጣው ጨዋታ ነው። ከአሸዋው ጉድጓድ ወዲያ ነጭ ፎጣ ተነጥፏል፤ ኳሱ አሸዋውን ዘሎ ፎጣው ላይ ማረፍ ብቻ ሳይሆን እዚያው መቅረት አለበት። አንቴና መታ። ኳሱ አምሮ ወጣ፣ ፎጣው መሃል ላይ ወደቀ፣ ነጠረና ዳሩን አልፎ ሣሩ ላይ ወረደ። "አይ!" አለ ሰዉ ሁሉ፣ እኔም ጭምር። ደግ ሰው ነው፣ አሳዘነኝ።

እሷ ተራዋ ደረሰ። ልጅቷ እጄን ጨመቀችው። ምራቴ ፎጣውን አየች፣ አሸዋውን አየች፣ ከዚያ ወደ እኛ ሳትዞር ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ።

አንቴና አጠገቧ ነበር። "ምን አልሽ?"

"ሻይ።"

"አሁን ነው ሻይ ያማረሽ?"

ዱላው በግራዋ በኩል ተነሳ፤ ግድግዳችን ላይ በጠመኔ የተሣለው አሥር ሰዓት ጋ ሲደርስ፣ ግድግዳው ባይኖርም እኔ አየሁት፣ ቆመ፣ ተመለሰ። ጠቅ። ኳሱ አልቸኮለም። አሸዋውን ተሻገረና ፎጣው ላይ አረፈ፤ አንዴ ነጠረ፣ ትንሽ ተንከባለለ፣ ራሷ የዘመዘመችው ጠርዝ ጋ ሲደርስ ጠርዙ ያዘው።

እዚያው ቀረ።

እኔ ምርኩዜን ወረወርኩ። የት እንደወደቀ ያወቅነው በኋላ ነው። ልጅቷ በገመዱ ሥር ሾልካ ሮጠች። የዕቃ ቤቱ ኃላፊ ባርኔጣውን፣ ሌላው የውኃ ቱቦውን ወደ ላይ አደረገ፤ ረጠብን፣ ማንም አልተቆጣም። ምራቴ ግን ዱላዋን እንደያዘች ቆማ ኳሱን ታይ ነበር፤ ሊነሳ ይችላል ብላ የምትጠብቅ ይመስል። አንቴና ሄዶ ኳሱን አነሳና በሁለት እጁ ይዞ አመጣላት።

"ሰፊዋ፣ በይ ሱሪዬን ለኪኝ። በግጥሚያው ቀን ዱላሽን ተሸክሜ ከጎንሽ ነው የምሄደው። የተቀደደ ለብሼ ላሳፍርሽ አልችልም።"

"ጨርቅ በዛ አድርገህ ይዘህ ና" አለችው። ያን ጊዜ ነው እንባዋ የመጣው፤ ከሳቁ ጋር አብሮ።

ቤት ስንገባ ልጄ ከመንገድ ደወለ። ሦስታችንም ስልኩ ላይ ተሻማን።

"ምን ሆናችሁ ነው የምትጮሁት?"

"ሚስትህ ቦታዋን ወሰደች!" አልኩት።

"የምን ቦታ? መሬት ገዛችሁ እንዴ?"

"ከመሬት ይበልጣል!" አለች ምራቴ ስልኩን ነጥቃኝ። ከዚያ እስኪገባው ድረስ ነገረችው፤ ሲገባው የመኪናውን ጡሩምባ እዚያው መንገድ ላይ ሲነፋው ሰማነው።

በግጥሚያውም ቀን ሄደው አሸንፈው መጡ። ዛሬ ራሷ ለቡድኑ የሰፋችውን ሸሚዝ ለብሳ ነው ቢጫውን ጨርቅ የምትቆርጠው። የጠመኔው ሰዓት ግድግዳው ላይ እንዳለ ነው፤ የእኔ ፊደል ወደ ሌላው ግድግዳ ተዛውሯል። ወሬው ስለተሰማ ሌሎች ግራኞችም መምጣት ጀምረዋል፦ አንዲት የልብስ አጣቢ፣ አንዲት የአውቶቡስ ቲኬት ቆራጭ። በየተራ ግድግዳው ፊት ይቆማሉ፤ እኔም ወንበሬን ስቤ "ሻይ ነው፣ ትንሽ ይቀረዋል፣ አሁን ትምህርት ቤት ደረስሽ" እላለሁ። ችግሩ የዕቃ ቤቱ የግራ ዱላዎች ከሜዳው አለመውጣታቸው፣ ቤት ያለችውም ያቺ ሁለት ፊት ያላት ብቻ መሆኗ ነው፤ አንዷ ስትመታ ሌሎቹ ባዶ እጃቸውን ያወዛውዛሉ።

ስለዚህ አንባቢዬ፣ እባክህ፣ እባክሽ፣ ከበር ኋላ ወይም ከአልጋ ሥር በግራ የሚመታ ዱላ ተጥሎ ካለ፣ አሮጌም ቢሆን፣ ዝገትም ቢይዘው፣ ላኩልን። መያዣውን በጨርቅ እኛ እንጠቀልለዋለን። ይዛችሁት ከመጣችሁ ደግሞ በአሥር ሰዓት ኑ። በየትኛው አሥር እንደሆነ ታውቃላችሁ።